ቶሎ የሚያልቀው ዳቦ፦ የሁለት ጎረቤታሞች የሰኞ ገበያ ንግድ

ይህ የሁለት ሴቶች ጉዳይ ነው። ከደሴ ወደ ኩታበር በሚወስደው መንገድ፣ ቦሩ ሜዳን አለፍ ብላ ካለች መንደር ናቸው። አጥር የሚጋሩ ጎረቤታሞች። ሰኞ ሰኞ ደሴ ወርደው የሚበላ ነገር ይሸጣሉ። ስማችን አይጻፍ ስላሉ አንደኛዋን ባለስንዴዋ፣ ሁለተኛዋን ባለአህያዋ እያልኩ እቀጥላለሁ። ባለስንዴዋ ክርስቲያን ናት፣ ባለአህያዋ ሙስሊም። ይህንን የምጽፈው ለወጉ አይደለም። ኋላ እንደምታዩት ንግዱን የያዘው አንዱ ምሰሶ እሱ ነው።

እኔ ደሴ የምኖር የሒሳብ መምህርት ነኝ። ከባለስንዴዋ ጋር ዝምድና አለን። ገበያ ሲወርዱ እኔ ቤት ጎራ ብለው ቡና ይጠጣሉ፣ ያደረ ዕቃ ያስቀምጣሉ። ነገራቸውን የማውቀው በዚህ ነው። የንግዱን ደብተር የያዘችው የባለስንዴዋ ልጅ ናት፤ ዘጠነኛ ክፍል። እኔ አብሬ አገላብጫለሁ።

ጉዳዩ በአጭሩ ይኼ ነው። ከሚሸጡት ሁሉ ቀድሞ የሚያልቀው፣ ሰው ተሻምቶ የሚወስደው ዳቦው ነበር። ይህ ነው የሚባል ትርፍ የማይሰጣቸውም ያው ዳቦ ነበር። ለረጅም ጊዜ ማንም አልነቃም። ሊነቁ የቻሉት ደግሞ ቤት ውስጥ ጠብ ሊነሳ ሲል ነው።

ሰኞ ምን ይሸጣል?

ደሴ ላይ ሰኞ ገበያ የቀን ስም ብቻ አይደለም፣ የሰፈር ስምም ነው። ከደሴ ዙሪያ፣ ከኩታበር፣ ከተሁለደሬ፣ ከአምባሰል፣ ከቃሉ ሰው ይወርዳል። ብዙው ከቤቱ የሚወጣው ጎህ ሳይቀድ ነው። እህሉን ወይ ፍየሉን ሸጦ እጁ ላይ ብር የሚገባው ረፋዱ ላይ፣ 5 ሰዓት ገደማ ነው። ያን ጊዜ ይርበዋል። ሆቴል ገብቶ መብላት አይፈልግም፤ ውድ ነው፣ ደግሞ አህያውን ለማን ትቶ? የሚፈልገው ቆም ብሎ የሚበላው፣ ሆድ የሚይዝ ነገር ነው።

የሁለቱ ሴቶች ደንበኛ እሱ ነው። ከሱ ሌላ ደግሞ ተሸካሚዎቹ፣ ባለጋሪዎቹ፣ ሸራ ዘርግተው ልባሽ ጨርቅ የሚሸጡት ልጆች። ለነሱ የሚቀርበው ድፎ ዳቦ ነው፤ ተቆራርጦ። ድንች ቅቅል በጋቢ ተጠቅልሎ እንዲሞቅ ተደርጎ፣ ከዳር ሚጥሚጣ። የባቄላ ንፍሮ። የገብስ ቆሎ በስኒ እየተሰፈረ። ሻይ በፔርሙስ።

ሥጋ የለም። ይህንን ከተማ ላደገ ሰው ማስረዳት አለብኝ መሰለኝ። ወሎ ላይ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ አብሮ ይበላል፣ አብሮ ይድራል፣ አብሮ ይቀብራል። ሥጋው ግን ይለያል። ሠርግ ላይ እንኳ ለሁለቱም ለየብቻ ይታረዳል። ስለዚህ ገበያ መሀል ሥጋ ነክ ነገር ይዞ የተቀመጠ ሰው ግማሹን ደንበኛ ከጅምሩ ሸኝቷል ማለት ነው። ድንች፣ ባቄላ፣ ገብስና ስንዴ ግን ማንም ይበላዋል። ቅቤም ላዩ ላይ ከሌለ የጾመ ክርስቲያንም ይበላዋል። ሁለቱ ሴቶች አብረው መነገዳቸው ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ድስቱ ንጹሕ መሆኑን ሳይጠይቅ ይቀመጣል። አንዷን አይቶ ያምናል።

የጀመሩት በ2015 ነው። ከዚያ በፊት ያለውን ዓመት የደሴ ሰው ያውቀዋል። በጥቅምት 2014 መጨረሻ የሰሜኑ ጦርነት ከተማዋን ያዘ፤ ኅዳር 27 ወደ መንግሥት እጅ እስክትመለስ ገበያ የሚባል ነገር አልነበረም። ከዚያ በኋላ በየቤቱ የጎደለ ነገር ነበር። ባለስንዴዋ አንድ በሬ ተሽጦባታል። ባለአህያዋ ደግሞ ባሏ ወደ ሥራ ፍለጋ ሄዶ ብቻዋን ነበረች። "ቁጭ ብለን ከምንተያይ" አሉና ጀመሩ። ከባንክ አልተበደሩም። በቡድን ዋስትና የሚሰጥ ብድር ነበር፤ ባለአህያዋ ግን ወለድ ያለበትን አልነካም አለች፣ ጓደኛዋም አልጫነቻትም። ያላቸውን አዋጡ። ስንዴው ከአንዷ ጎታ፣ እንጨቱና አህያዋ ከሌላዋ ጓሮ። የሚገኘው ብር እኩል ለሁለት።

ፍትሐዊ ይመስላል። ችግሩ ያለው እዚያው ላይ ነው።

የእሑድ ሌሊት

ዳቦው እንዴት እንደሚሠራ ካላያችሁ ሒሳቡም አይገባችሁም። ሊጡ እሑድ ከሰዓት ይቦካል። ማታ ኮባ ተለብልቦ ምጣዱ ላይ ይነጠፋል፤ ሊጡ ይፈስበታል፤ በኮባ ይከደናል፤ ከላይ ሌላ ምጣድ ይደፋና እሱም ላይ እሳት ይደረጋል። ከታችም እሳት፣ ከላይም እሳት። አንዱ ዳቦ ወጥቶ ሌላው ሲገባ፣ የሰኞው አራት ድፎ እስኪያልቅ ሌሊቱ ይጋመሳል። እንጨቱን የሚበላው ይኼ ነው። ጭሱ ዓይን ያጠፋል። ባለስንዴዋ ሰኞ ጠዋት ዓይኗ ቀልቶ ነው የምትመጣው፤ ያላወቃት ያለቀሰች ነው የሚመስለው።

ባቄላውም የራሱ ጣጣ አለው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የነሱ መንደር ደግሞ ከደሴም ከፍ ይላል። በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። 100 አይደርስም። ድስቱ ይንተከተካል፣ ባቄላው ግን እምቢ ይላል። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ያው ባቄላ እዚያ ቀደም ብሎ ይበስላል። ሴቶቹ ዲግሪውን አያውቁትም፣ ውጤቱን ግን ከኔ በላይ ያውቃሉ። ባቄላው ከቅዳሜ ማታ ጀምሮ ይነከራል፤ ውሃው ይቀየራል። ሳይነከር የተጣደ ባቄላ የአንድ ዳቦ እንጨት ይጨርሳል ይላሉ።

ሰኞ ከሌሊቱ 10 ሰዓት አህያዋ ትጫናለች።

ጎታው

በ2016 ግንቦት ላይ የባለስንዴዋ ባል ጎታውን በጡጫ መታ መታ አደረገው። ባላገር ጎታ ከፍቶ አያይም፤ ድምፁን ነው የሚሰማው። ከላይ እስከ ወገቡ ድረስ ባዶ ጮኸ።

"ይኼ ጎታ ምን ነካው?" አላት።

"ልጆች በሉት ነዋ።"

"ልጆቹ አምናም ነበሩ።"

ከዚህ በኋላ ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ባለትዳር ሁሉ ያውቀዋል። ባልየው በልቡ ስንዴው ለዘመድ እየተሰጠ ነው ብሎ ጠረጠረ። ሚስትየው ተቆጣች። በታኅሣሥ የገባው ስንዴ እስከ ነሐሴ ያደርስ ነበር፤ አሁን ሰኔም አይደርስም። በዚያው ሰሞን በአጥሩ ወዲያ ማዶ ባለአህያዋ ሌላ ቅሬታ ይዛለች። ባህር ዛፏ እየተመነጠረ ጉቶው ብቻ ቀርቷል። ለጎጆ ማገር ይሸጥልኛል ብላ ያሰበችው እንጨት ምጣድ ሥር አልቋል። ለጓደኛዋ ግን አልተናገረችም። ጓደኛዋም ስለ ስንዴው አልነገረቻትም። ሁለቱም "እኔ እየተጎዳሁ እሷ እየተጠቀመች ነው" ብለው ማሰብ ጀምረዋል። ጎረቤት ከጎረቤት እንዲህ ነው የሚቀያየመው። ድንገት አይጣላም፤ ቡና ሲጠራራ ይዘገያል።

ክረምቱ ደግሞ ጨመረበት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ በማግሥቱ የዘይት ዋጋ በየሱቁ ሌላ ሆነ። እነሱም ሸማች ናቸውና ነካቸው። ብር ይገባል፣ ብር አይበቃም። ነገሩ አልገባቸውም። ዳቦው እኮ እየተሸጠ ነው!

መስከረም ላይ እኔ ቤት ቡና እየተጠጣ ልጅቷ ደብተር አወጣች። የጠየቀቻቸው እሷ ናት፤ እኔ ሰማሁ።

"እሺ፣ ስንዴው ስንት ነው?"

"የራሳችን ነው" አለች እናቷ።

"የራሳችን ስንት ነው?"

ሁለቱም ዝም አሉ።

"እንጨቱስ?"

"ከጓሮ ነው፣ ምን ዋጋ አለው" አለች ባለአህያዋ። ካለች በኋላ ግን ራሷ ቀና አለች። ዋጋ እንዳለውማ ከማንም በላይ እሷ ታውቃለች።

ሒሳቡ በዚያ ሰሞን ዋጋ እንዲህ ወጣ። ለአንድ ድፎ 2 ኪሎ ተኩል ዱቄት ይገባል። ስንዴው ገበያ ላይ በኪሎ 70 ብር ነበር፤ 175 ብር። እንጨቱ ተሸጦ ቢሆን 60 ብር። ወፍጮ 10 ብር። እርሾ፣ ጨው፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ዘይት፣ 30 ብር። ድምር 275። ዳቦው 16 ላይ ይቆረጣል፤ አንዱ ቁራሽ 20 ብር፤ ሁሉም ቢሸጥ 320 ነበር። ግን ሁሉም አይሸጥም። አንዱ ለቅምሻ ይሄዳል፣ አንዱ ለዘመድ ልጅ ይሰጣል። 14 ቁራሽ ይሸጣል፤ 280 ብር። ወጪ ቀሪ፣ 5 ብር።

አምስት ብር! ለአራቱም ዳቦ ሃያ። ሌሊት ሙሉ ጭስ ውስጥ ተቀምጦ።

እነሱ ግን እስከዚያ ቀን የሚቆጥሩት ሌላ ሒሳብ ነበር። ከአራቱ ዳቦ 1,120 ብር ይገባል። ከኪስ የወጣው የወፍጮውና የእርሾው 160 ብቻ ነው። 960 ብር ተረፈ ብለው 480፣ 480 ይካፈላሉ። አሁን ጎን ለጎን አስቀምጡት። ባለስንዴዋ የ700 ብር ስንዴ አውጥታ 480 ተቀበለች፤ በየሰኞው 220 ብር ከስራለች። ባለአህያዋ የ240 ብር እንጨት አውጥታ 480 ተቀበለች፤ 240 አትርፋለች። ማንም ማንንም አላታለለም። የአንዷ ጎታ እየተቆረሰ በሌላዋ መቀነት ይገባ ነበር፤ ያውም እሷም ዛፌ አለቀ ብላ እያዘነች።

የጎታውም ምስጢር እዚያው ተፈታ። በሰኞ 10 ኪሎ ማለት በ20 ሳምንት 2 ኩንታል ነው። ባልየው የፈለገው ስንዴ ይኸው። ዘመድ አልወሰደውም። ደሴ ገበያ ላይ በቁራሽ 20 ብር ተበላ።

ቆሎውን ሲያሰሉት ደግሞ ተያዩ። አንድ ኪሎ ጥሬ ገብስ 80 ብር። ተፈትጎ፣ ተቆልቶ፣ ተነፍቶ ከሦስት ሩብ ኪሎ ብዙም አይበልጥም፤ ገለባውና እርጥበቱ ይሄዳል። እንጨቱ ትንሽ ነው፣ 15 ብር። ይኼ 10 ስኒ ይወጣዋል፤ 200 ብር። ከኪሎው 105 ብር ይተርፋል። ቆሎው ግን ማንም የማያስበው ዕቃ ነበር። ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ እንኳ ግማሹ ሰፌድ ላይ ተቀምጦ ይታያል። ዳቦው ቶሎ ያልቃል፤ ሰው "ዛሬም አለቀባችሁ?" እያለ ያዝናል። ስለዚህ ለዓይን የሚያተርፈው ዳቦው፣ የሚያከስረው ቆሎው ይመስል ነበር። የተረፈ ቆሎ ለሚቀጥለው ሰኞ ያድራል፣ ምንም አይሆንም። የተረፈ ዳቦ ማግሥቱን ድንጋይ ነው።

ባልየው ምን አለ

መፍትሔው በወረቀት ቀላል ነው። ንግዱ ከቤት የሚወስደውን ሁሉ በገበያ ዋጋ ይክፈል፤ ከዚያ የተረፈው ለሁለት ይካፈል። ሰኞ ጠዋት ልጅቷ እህል ተራ ሄዳ የዕለቱን የስንዴና የገብስ ዋጋ ጠይቃ ትጽፋለች። እንጨቱም በሸክም ዋጋ ይገመታል። አህያዋም ለደርሶ መልስ የተወሰነ ይታሰብላታል።

ባልየው ይህንን ሲሰማ ሳቀ። "የራሴን ስንዴ ለገዛ ሚስቴ ልሸጥ? ጉድ በል ወሎ!"

ባለአህያዋ ናት የመለሰችለት። "አብሽር ወንድሜ፣ አትሸጥላትም። የወሰደችውን ትመልስልሃለች እንጂ።"

"የማንን ብር?"

"የበላተኛውን ብር ነዋ!"

ይኼ ገባው። ከዚያ ግን ትክክለኛውን ጥያቄ ጠየቀ። የስንዴው ብር የት ይቀመጣል? ሚስቱ መቀነት ውስጥ ከገባ ያው ለዘይትና ለደብተር ያልቃል። በመጨረሻ በአንድ ባዶ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ተስማሙ። የስንዴው ብር እዚያ ይገባል፤ ለማዳበሪያና ለዘር ካልሆነ አይወጣም። ቁልፍ የለውም። ግን ቆርቆሮው የባልየው መኝታ ራስጌ ነው፤ እሱ ራሱ ጠባቂ ሆነ። እኔ ከደብተሩ ይልቅ ይኼኛው ውሳኔ ነው ሥራውን ያዳነው ባይ ነኝ። ሰው ንግዱ የቤቱን እንዳይበላ የሚጠብቀው፣ የቤቱ ድርሻ የት እንዳለ ሲያይ ነው።

አንድ ነገር አልተስማማንም። እኔ ጉልበታቸውም ይታሰብ ብዬ ነበር። የቀን ሠራተኛ ሒሳብ እንኳ ብናደርገው ብዬ። ባለስንዴዋ ቡናዋን አስቀምጣ፣ "ጉልበታችንን ከቆጠርሽብንማ ሥራውን እንተወዋለን" አለችኝ። ቀልድም እውነትም ነው። ደብተሩ ላይ ጉልበት እስካሁን አልተጻፈም።

ዳቦው ቀረ፣ ከዚያ ተመለሰ

ሒሳቡ እንደታወቀ ዳቦውን አቆሙ። ማንም እንደዚያ ያደርግ ነበር። ሁለት ሰኞ አለፈ። ድንቹ ተረፈ። ሻዩ ተረፈ። ለካ ሰዉ የሚመጣው ዳቦውን ብሎ ነው። ዳቦውን ፍለጋ መጥቶ ድንች ይጨምራል፣ ሻይ ያዛል፣ ሲሄድ ለልጆቹ አንድ ስኒ ቆሎ ይቋጥራል። ዳቦው ብቻውን ሲታይ አያተርፍም፤ ሌላውን ዕቃ ግን የሚሸጠው እሱ ነው። ባላገሩም ልክ ነው። ድፎ ሲያይ የበዓል ነገር ይመስለዋል፣ ይቆማል።

ስለዚህ መልሰው ጋገሩ፤ ግን አንድ ብቻ። አንዱ ቶሎ እንዲያልቅ፣ ሌሊቱም እንዲያጥር። ቁራሹ ዋጋው አልጨመረም፣ ትንሽ ቀጠን አለ። ቅምሻም ቀረ። ዘመድ ይቀየማል ብለው ፈርተው ነበር፤ ዘመድ ቆሎ ሲሰጠው አልተቀየመም። ከዚህ ሌላ ድፎ የሚጋግሩት በትእዛዝ ነው። ለዝክር፣ ለሰደቃ፣ ለእድር፣ ለልጅ ምርቃት። ትእዛዝ ሲሆን ዱቄቱን አዛዡ ያመጣል ወይ ቅድሚያ ይከፍላል። አይተርፍም፣ አይደርቅም። ያው ዳቦ፣ ያው ምጣድ፣ ያው ጭስ ነው። እዚህ ላይ ግን ያተርፋል።

ሁለቱ ጾሞች

በ2017 ዐቢይ ጾም የካቲት 17 ገባ። ረመዳን የካቲት 22። ዒድ መጋቢት 21፣ ፋሲካ ደግሞ ሚያዝያ 12 ዋለ። ረመዳን ከጫፍ እስከ ጫፉ በዐቢይ ጾም ውስጥ ወደቀ። ለሁለቱ ሴቶች ይህ ማለት ገበያ መሀል ቀን የሚበላ ሰው ጠፋ ማለት ነው። ሙስሊሙ እስከ መግሪብ አይቀምስም። ክርስቲያኑም አጥባቂው እስከ 9 ሰዓት ይቆያል። የመጀመሪያው ሰኞ ድንቹ እንዳለ ተመለሰ። ጋማ ከብት ደስ አለው እንጂ ሌላ የተጠቀመ የለም።

ከተማው ውስጥ ያሉት ለኢፍጣር ሳምቡሳ ይጠብሳሉ። እነሱ ግን አይችሉም። ኢፍጣር ሲደርስ መንገድ ላይ መሆን አለባቸው፤ መሽቶ መጓዝ በዚህ ጊዜ የሚታሰብ አይደለም።

ሐሳቡን ያመጣችው ባለአህያዋ ናት። "ጾመኛ አይበላም እንጂ ይገዛል" አለች። እውነቷን ነው። ረመዳን ላይ ቤት ያለች ሴት ከሰዓት በኋላ ሙሉ ሐሳቧ ምግብ ነው። ሾርባ ትሠራለች፤ ለሾርባው ሽርክት ያስፈልጋታል፤ የገብስ ወይ የአጃ። ክርስቲያኗ ደግሞ በጾም ቁርስ ቅንጬ ትሠራለች፤ እሱም ያው ሽርክት ነው፣ በዘይት። አንድ ዕቃ፣ ሁለት ጾም።

ገብሱ ይፈተጋል፣ ይነፋል፣ ወፍጮ ቤት ይሄዳል። ባለወፍጮው ሽርክት አይወድም፤ ድንጋዩን ለነሱ ብሎ ማላላት፣ ከዚያ መልሶ ማጥበቅ አለበት። "ሰልፉ ሲያልቅ ኑ" ይላቸዋል። ስለዚህ ማታ ይሄዳሉ። ተፈጭቶ ሲመጣ በወንፊት ይነፋል። ደቃቁ ዱቄት ወርዶ ለቤት ቂጣ ይሆናል፤ ወንፊቱ ላይ የቀረው እኩል እኩል የተሰባበረ ፍሬ ነው የሚሸጠው። ገዢዋ እጇን ሰድዳ በጣቷ ታሸዋለች። ዱቄት ጣቷ ላይ ከቀረ አትገዛም፤ ሾርባው ይጓጉላል። እነሱም ይህንን ስለሚያውቁ ሁለት ጊዜ ይነፋሉ። በሦስተኛው ሰኞ "የነዚያ የቦሩዎቹ" እየተባለ መፈለግ ጀመረ።

እንደ ደብተሩ ከሆነ የዓመቱ ምርጥ ሳምንታት እነዚያ ናቸው። ምግብ ሻጮች ምግብ በማይበላበት ወር። እሳት የለ፣ ጭስ የለ፣ የሚበላሽ የለ።

መንገድ ሲዘጋ

ከ2015 ክረምት ወዲህ አማራ ክልል ውስጥ ያለ ነጋዴ ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ። ሰኞ ጠዋት ተነስተህ መንገድ ተዘግቷል ትባላለህ። ለምን እንደተዘጋ፣ መቼ እንደሚከፈት የሚነግርህ የለም። በዳቦው ዘመን እንዲህ ያለ ሰኞ ማለት አራት ድፎ ለመንደሩ ልጆች ማደል ነበር። አሁን ቆሎውና ሽርክቱ ማዳበሪያ ውስጥ ተቋጥሮ ይጠብቃል። የሚያጡት አንድ ዳቦና ድንቹን ነው። ይህንን በደብተር ላይ በብር ማስቀመጥ ይከብዳል፣ ግን እነሱን ስትጠይቋቸው ከሁሉ ቀድመው የሚያነሱት ይኼንን ነው።

ኮምቦልቻንም ሞክረዋል። 25 ኪሎ ሜትር ብትሆን ነው፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩም ፋብሪካዎቹም አሉ፣ ከሥራ የሚወጣ ወጣት ቆሎ ይገዛል። ግን የሐረጎን ጠመዝማዛ ለመውረድና ለመውጣት የሚከፈለው ታሪፍ ትርፉን ጨረሰው። ድንቹም በዚያ ሙቀት አልቆይ አለ። አሁን የተቆላውን ለአንድ ኮምቦልቻ ለሚመላለስ ነጋዴ በኪሎ ይሰጡታል። ዋጋው ያንሳል፣ እጅ በእጅ ነው።

አሁን ያሉበት

በ2018ም ዐቢይ ጾም የሚገባው የካቲት 9 ነው። ረመዳንም ጨረቃዋ እንደታየች በዚያው ሳምንት ነው። ደግሞ ይደራረባሉ። ስለዚህ ጥር ላይ አንድ ክርክር ነበረባቸው። ባለአህያዋ ገብሱ ከአውድማ በገባበት፣ ዋጋው ገና ባልወጣበት ጊዜ 3 ኩንታል ገዝተን እናስቀምጥ አለች። ባለስንዴዋ ፈራች። ያ ሁሉ ብር እህል ላይ ከተቀመጠ፣ መንገዱም ከተዘጋ፣ ነቀዝም ከገባ? ባልየው እንደ ዳኛ ሆኖ መሀል ተቀመጠ። አምና በዳቦው የሳቀው ሰውዬ ዘንድሮ "ደብተሩን አምጡት፣ አምና ስንት ተሸጠ?" አለ። ልጅቷ ገለጠች። ሁለት ሰኞ ፈተና ላይ ስለነበረች አልተጻፈም። የተጻፈው ተደምሮ ከኩንታል ትንሽ አለፍ ይላል። ያልተጻፈውን ገምተው ኩንታል ተኩል ላይ ተስማሙ።

ገብሱ ባለፈው ሰኞ ተገዝቶ ገብቷል። ያለው በባለአህያዋ ቤት ነው። ከርብራብ ላይ፣ በማዳበሪያ፣ ከቤቱ እህል ተለይቶ። ባለስንዴዋ ደግሞ እየሄደች እጇን ሰድዳ ነቀዝ እንዳልገባበት ታያለች።